ቁርኝቱ በመዝገቡ ውስጥ ነው፦ በክትትል ሥር ያሉ የኳንተም ሥርዓቶችን የመመልከት ችግር

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካና በእንግሊዝ የሚሠሩ ሦስት የፊዚክስ ቡድኖች በአንድ ጥያቄ ላይ የየራሳቸውን ጥናት ለንባብ አበቁ። ጥያቄው፣ እርስ በርሳቸው የሚገናኙ ብዙ የኳንተም ቅንጣቶች በየጊዜው እየተለኩ ቢቆዩ በመካከላቸው የሚፈጠረው ቁርኝት ምን ይሆናል የሚል ነበር። የተገኘው መልስ ብዙዎችን አስደንቋል፤ ልኬቱ ከተወሰነ ድግግሞሽ በታች ሲሆን ቁርኝቱ መላውን ሥርዓት ይሞላል፣ ከዚያ ድግግሞሽ በላይ ሲሆን ደግሞ ይመነምናል፣ በሁለቱ መካከልም ቁርጥ ያለ ወሰን አለ። ሆኖም ይህን ወሰን በቤተ ሙከራ ለማየት የተነሣ ሰው ከጅምሩ አንድ እንግዳ ነገር ይገጥመዋል። የሙከራዎቹን ውጤት በተለመደው መንገድ ደምሮ አማካይ ካወጣ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል የጠራ፣ የሰበሰበው መረጃም የቱንም ያህል የበዛ ቢሆን፣ ወሰኑ በአማካዩ ውስጥ ፈጽሞ አይገኝም።

የኳንተም ቁርኝት ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ቅንጣቶች በጋራ ያላቸው ሁኔታ፣ የእያንዳንዳቸውን ሁኔታ ለየብቻ በመናገር ሊገለጽ የማይችልበት ግንኙነት ነው። በ1935 ስም ያወጣለት ኤርቪን ሽሮዲንገር ሲሆን፣ በዚያው ዓመት አልበርት አይንስታይን ከቦሪስ ፖዶልስኪና ከናታን ሮዘን ጋር ሆኖ የኳንተም ቲዎሪ ያልተሟላ መሆኑን ለማሳየት ይህንኑ ግንኙነት ተጠቅሞበታል። ጆን ቤል በ1964 ክርክሩ በሙከራ ሊዳኝ የሚችልበትን መንገድ አመለከተ፤ በዚህ መንገድ ላይ ለሠሯቸው ሙከራዎች አላን አስፔ፣ ጆን ክላውዘርና አንቶን ዛይሊንገር የ2022ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ቁርኝት መኖሩ እንግዲህ የተዘጋ ጉዳይ ነው። ያልተዘጋው፣ ቅንጣቶቹ ሲበዙና ልኬቱ ሳያቋርጥ ሲቀጥል ቁርኝቱ እንዴት እንደሚቆይና በምን ዘዴ እንደሚታይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ሦስት ኪዩቢቶች ይበቁናል። ኪዩቢት ሲለካ ከሁለት መልሶች አንዱን ብቻ የሚሰጥ የኳንተም ሥርዓት ሲሆን፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደምንለካው ግን መምረጥ እንችላለን። እዚህ ሁለት አቅጣጫዎችን ብቻ እንወስዳለን፤ በፊዚክስ ልማድ አንዱ የዜድ፣ ሌላው የኤክስ ልኬት ይባላል፣ የእያንዳንዳቸውንም መልስ ዜሮ ወይም አንድ እንበለው። ዳንኤል ግሪንበርገር፣ ማይክል ሆርንና ዛይሊንገር በ1989 ያስተዋወቁት ዓይነት የሦስት ኪዩቢቶች ሁኔታ አለ። በዚህ ሁኔታ ያሉ ኪዩቢቶች ሁሉም በዜድ ቢለኩ ወይ ሦስቱም ዜሮ ወይ ሦስቱም አንድ ይሆናሉ፤ የትኛው እንደሚወጣ አስቀድሞ አይታወቅም፣ ዕድሉም እኩል በእኩል ነው።

አሁን መካከለኛውን ብቻ እንለካው። በዜድ ከለካነው የቀሩት ሁለቱ፣ ማለትም ዳርና ዳር ያሉት፣ ወዲያውኑ ሁለቱም ዜሮ ወይም ሁለቱም አንድ ሆነው ይረጋሉ፤ በመካከላቸው የኳንተም ቁርኝት አይቀርም። በኤክስ ከለካነው ግን ልኬቱ ገንቢ ይሆናል። ሁለቱ ዳርቻዎች የኳንተም ሕግ እስከሚፈቅደው ጥግ ድረስ የተቆራኙ ጥንድ ይሆናሉ፤ የቁርኝታቸው ዓይነት ግን መካከለኛው በሰጠው መልስ ይወሰናል። የመካከለኛው መልስ ዜሮ ከሆነ ዳርቻዎቹ በኤክስ ሲለኩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ፤ አንድ ከሆነ ሁልጊዜ ተቃራኒ መልስ ይሰጣሉ። በዜድ ሲለኩ ደግሞ በሁለቱም ጊዜ ይስማማሉ።

ይህን የኤክስ ሙከራ 1,000 ጊዜ ደግመን የመካከለኛውን መልስ ሳንጽፍ ብንጥለው ምን እናያለን? ዳርቻዎቹ በኤክስ በተለኩባቸው ሙከራዎች በግማሽ ያህሉ ይስማማሉ፣ በግማሽ ያህሉ ይቃረናሉ፤ ይህም ምንም ዝምድና ከሌላቸው ቅንጣቶች የሚጠበቅ ውጤት ነው። የሚቀረው የዜድ ስምምነት ብቻ ሲሆን፣ እርሱ ብቻውን ያለ ኳንተምም ሊገኝ ይችላል። ያንኑ 1,000 ሙከራ መዝገቡን ይዘን ዜሮ የወጣባቸውንና አንድ የወጣባቸውን ለየብቻ ብንመድብ ግን፣ በእያንዳንዱ ምድብ ውስጥ እንከን የሌለው ቁርኝት እናገኛለን። ቅንጣቶቹም ውጤቶቹም እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው አመዳደባችን ብቻ ነው።

መዝገቡ ሲጣል ቁርኝቱ የሚሰወረውም በግድ ነው። መካከለኛውን ኪዩቢት ወደ ሌላ አገር ወስደን እዚያ ብንለካውና ልኬቱ መደረጉ ብቻውን በዳርቻዎቹ አማካይ ውጤት ላይ ለውጥ ቢያመጣ ኖሮ፣ በመለካትና ባለመለካት ከብርሃን የፈጠነ መልእክት መላክ በተቻለ ነበር። ተፈጥሮ ይህን አትፈቅድም። ስለዚህ ልኬቱ የፈጠረው ቁርኝት የሚገለጠው የልኬቱ መልስ በስልክም ሆነ በወረቀት፣ ብቻ በተራ መንገድ፣ ዳርቻዎቹን ለያዘው ሰው ሲደርሰው ነው። በእኔ ግምት ከዚህ በኋላ የሚመጣው ውስብስብ ነገር ሁሉ ይኸው የሦስት ኪዩቢቶች ጉዳይ በብዙ እጥፍ ሲባዛ ነው።

በ2018ቱ ጥናቶች መነሻ የሆነው ሞዴል ብዙ ኪዩቢቶችን በአንድ ረድፍ ይደረድራል። በእያንዳንዱ እርምጃ ጎረቤት የሆኑ ጥንዶች በዘፈቀደ በተመረጠ የኳንተም ጌት (የኪዩቢቶችን ሁኔታ የሚለውጥ አንድ የስሌት እርምጃ) አማካይነት እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ይህም ቁርኝት ይፈጥራል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ኪዩቢት በተወሰነ ዕድል በዜድ ይለካና መልሱ ይመዘገባል። የቁርኝቱ መጠን የሚታወቀው ረድፉን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱ ክፍል ለብቻው ሲታይ ሁኔታው ምን ያህል ያልተወሰነ እንደሆነ በማስላት ነው፤ ይህ መጠን የቁርኝት ኢንትሮፒ ይባላል። ኢንትሮፒው ከክፍሉ ትልቅነት ጋር አብሮ ካደገ የይዘት ሕግን፣ በክፍሉ ወሰን ብቻ ከተገደበ የወሰን ሕግን ይከተላል እንላለን። ለምሳሌ አንድ ገበሬ የሚያገኘው እህል በማሳው ስፋት ልክ ሲያድግ፣ ለአጥሩ የሚያስፈልገው እንጨት ግን በማሳው ዙሪያ ርዝመት ብቻ ይወሰናል። በአንድ ረድፍ ላይ ወሰኑ አንዲት ነጥብ ስለሆነች፣ በወሰን ሕግ ሥር ረድፉ የቱንም ያህል ቢረዝም ኢንትሮፒው አይጨምርም። ጌቶቹ ክሊፎርድ ከተባለው ቤተሰብ በዘፈቀደ ሲመረጡ፣ ሁለቱ ሕጎች የሚለያዩበት የልኬት ዕድል 16 በመቶ ገደማ መሆኑ በኮምፒዩተር ስሌት ተገኝቷል። የክሊፎርድ ጌቶች አንድ ልዩ ጠባይ አላቸው፤ የሚፈጥሩት ቁርኝት ብዙ ቢሆንም ተራ ኮምፒዩተር በፍጥነት ሊከታተላቸው ይችላል። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ መጠራጠሩ አይቀርም። ጌቶች በሁለቱ ክፍሎች መካከል ቁርኝት የሚጨምሩት በወሰኑ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ልኬት ግን በረድፉ ሁሉ ላይ ይካሄዳል። ረድፉ ሲረዝም አፍራሹ ከገንቢው እየበዛ ይሄዳልና ጥቂት ልኬት እንኳ ቁርኝቱን ሁሉ ሊያጠፋው አይገባም ነበርን? ቁርኝቱ በጥንድ በጥንድ ብቻ የተያዘ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በእርግጥ እንዲህ በሆነ ነበር፤ የጥንዱን አንድ ጫፍ መለካት ጥንዱን ማፍረስ ነውና። ከሦስቱ ጥናቶች አንዱ ይህን ቀላል የጥንዶች ሞዴል መርምሮ፣ ማንኛውም የልኬት መጠን ወደ ወሰን ሕግ እንደሚያወርደው አሳይቷል። የብዙ ቅንጣቶች ቁርኝት ግን በአብዛኛው በጥንድ አይቀመጥም። ጌቶቹ ለበቂ ጊዜ ከሠሩ በኋላ መረጃው በብዙ ኪዩቢቶች ላይ በአንድነት ይሰራጫል፤ ዶን ፔጅ በ1993 ያቀረበው ስሌት እንደሚያሳየው፣ በዘፈቀደ የተመረጠ ትልቅ ሥርዓት ትንሽ ክፍል ለብቻው ሲታይ ስለ መላው ከሞላ ጎደል ምንም አይናገርም። እንዲህ ካለ ሥርዓት አንድ ኪዩቢት የለካ ሰው በዘፈቀደ የወጣ ዜሮ ወይም አንድ ያገኛል እንጂ የሚጠቅም ፍንጭ አያገኝም፤ ፍንጭ ያልወሰደ ልኬት ደግሞ ብዙ አያፈርስም። መረጃን በብዙ ኪዩቢቶች ላይ በትነው ከስሕተት የሚጠብቁት የኳንተም ስሕተት ማረሚያ ኮዶች የሚሠሩትም በዚሁ መርህ ነው። በ2020 በአንድ በኩል ማይክል ጉላንስና ዴቪድ ሂውስ፣ በሌላ በኩል ሱንዎን ቾይና ባልደረቦቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ የይዘት ሕግ በልኬት መካከል የሚጸናው ሥርዓቱ ራሱን ወደ እንዲህ ያለ ኮድ ስለሚለውጥ መሆኑን አስረድተዋል። ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ውብ የሆነው ክፍል ይህ ነው፤ ስሕተት ማረሚያ እንዲሆን ማንም ያልነደፈው፣ በዘፈቀደ የተሠራ ነገር፣ ምስጢሩን ከሚለካው ዓይን መደበቅ ይችላል።

ወደ ምልከታው ስንመለስ፣ አንድ ሙከራ ሲጠናቀቅ በእጃችን ሁለት ነገር ይቀራል፤ የኪዩቢቶቹ የመጨረሻ ሁኔታና የልኬቶቹ መዝገብ። በኳንተም ቲዎሪ ከብዙ ሙከራ የሚገኝ የማንኛውም ልኬት አማካይ፣ የየመዝገቡ ሁኔታዎች በሙሉ ተደባልቀው ከሚፈጥሩት አንድ ሁኔታ ብቻ ሊሰላ ይችላል። ያ ድብልቅ ደግሞ በዘፈቀደ ጌቶች ሥር፣ የልኬቱ ዕድል 5 በመቶም ይሁን 50 በመቶ፣ ውሎ አድሮ ምንም መረጃ የማይዝ ሁኔታ ይሆናል። ኢንትሮፒ ከዚህ የተለየ ነው፤ በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ መዝገብ ለብቻው መሰላት፣ አማካዩም ከዚያ በኋላ መወሰድ አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ከይዘት ሕግ ወደ ወሰን ሕግ የሚደረገው ሽግግር ይጠፋል።

ታዲያ ለእያንዳንዱ መዝገብ ለምን በቀጥታ አንለካውም? ኢንትሮፒን በሙከራ መለካት በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በ2015 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የማርኩስ ግራይነር ቡድን የሩቢዲየም አቶሞችን ሁለት ተመሳሳይ ቅጂ አዘጋጅቶ በማጣመር፣ በ2019 ደግሞ በኢንስብሩክ፣ ኦስትሪያ፣ የካልሲየም አዮኖችን በዘፈቀደ በተመረጡ አቅጣጫዎች በመለካት ይህ ተደርጓል። ሁለቱም ዘዴዎች ግን አንድን ሁኔታ ደጋግሞ ማዘጋጀትን ይጠይቃሉ። በክትትል ሥር ያለ ሥርዓት ወደ ያው ሁኔታ የሚመለሰው ያው መዝገብ ሲደገም ሲሆን፣ መዝገቡን የሚመርጠው ዕድል ነው። በሙከራው ውስጥ 20 ልኬቶች ቢኖሩ ሊወጡ የሚችሉት መዝገቦች 1,048,576 ናቸው። ልኬቶቹ 60 ሲሆኑ፣ በሴኮንድ 1,000 ጊዜ የሚደግም መሣሪያ አንድን የተወሰነ መዝገብ እንደገና ለማየት በአማካይ 36 ሚሊዮን ዓመት ያህል መጠበቅ ይኖርበታል፤ ኢንትሮፒውን ለመገመት ደግሞ አንድ ድግግሞሽ ብቻ አይበቃም። ሽግግሩ ጎልቶ የሚታየው ሥርዓቱ ትልቅ ሲሆንና ብዙ ሲለካ መሆኑ ችግሩን ያባብሰዋል። በዚህ ላይ የንባብ ስሕተት አለ። እያንዳንዱ ልኬት 1 በመቶ የመሳሳት ዕድል ቢኖረው እንኳ፣ ከ60 ልኬቶች መዝገብ ሙሉ በሙሉ ትክክል የሚሆነው 55 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ በሦስቱ ኪዩቢቶች ምሳሌ እንዳየነው ደግሞ አንዲት በስሕተት የተነበበች መልስ ስምምነትን ወደ ተቃርኖ ትለውጣለች።

በትንንሽ ሥርዓቶች ላይ ይህን ዋጋ ከፍሎ ማለፍ ይቻላል። በ2023 የታተመ፣ በአይቢኤም የሱፐርኮንዳክተር መሣሪያዎች ላይ እስከ 14 ኪዩቢቶችን በመጠቀም የተሠራ ሙከራ፣ ሙከራውን እጅግ ብዙ ጊዜ በመደጋገምና ውጤቱን በመዝገብ በመዝገብ በመለየት የሽግግሩን ምልክት አሳይቷል። የጽናት ሥራ ነው፤ መንገዱ ግን ብዙ አያስኬድም፤ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ልኬት የድግግሞሹ ቁጥር በእጥፍ ይጨምራልና።

የተሻለው መንገድ የመጣው ጥያቄውን ከመለወጥ ነው። ጉላንስና ሂውስ በ2020 ያቀረቡት ዘዴ አንድ ተጨማሪ ኪዩቢትን በመጀመሪያ ከሥርዓቱ ጋር አቆራኝቶ፣ ከዚያ በኋላ ጌትም ልኬትም ሳይነካው ገለል አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሥርዓቱ እየተለካ ከቆየ በኋላ የሚጠየቀው፣ መዝገቡ የዚህን ገለልተኛ ኪዩቢት ሁኔታ አሳልፎ ሰጥቷል ወይስ አልሰጠም የሚል ነው። ልኬቱ በበዛበት ክልል መዝገቡ ቶሎ ይናገራል፤ ልኬቱ ባነሰበት ክልል ምስጢሩ ለረጅም ጊዜ፣ ይኸውም በሥርዓቱ ትልቅነት ልክ በኤክስፖኔንሻል ለሚያድግ ጊዜ፣ ተጠብቆ ይቆያል። በዚህ አካሄድ አንድ መዝገብ ሁለት ጊዜ መውጣት አያስፈልገውም። ተራ ኮምፒዩተር የእያንዳንዱን ሙከራ መዝገብ ተቀብሎ ገለልተኛው ኪዩቢት በየትኛው አቅጣጫ ቢለካ ምን መልስ እንደሚሰጥ ይተነብያል፤ በመጨረሻ የሚቆጠረው ትንቢቱ ስንት ጊዜ እንደሰመረ ነው፣ እርሱ ደግሞ በሁሉም ሙከራዎች ላይ ያለ ችግር ሊደመር የሚችል አማካይ ነው። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በኢተርቢየም አዮኖች የተሠራውና በ2022 የታተመው ሙከራ የሁለቱን ክልሎች መለያየት ያሳየው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ የክሊፎርድ ጌቶች ያስፈለጉትም ትንቢቱ በኮምፒዩተር እንዲሰላ ነው።

የጎግል ተመራማሪዎች በ2023 በኔቸር መጽሔት ያሳተሙት ሥራ እስከ 70 ኪዩቢቶች ደርሷል። እነርሱ በሙከራው መካከል መለካትን ትተው፣ ኪዩቢቶቹን በጥቂት የጌት እርምጃዎች ካቆራኙ በኋላ አብዛኞቹን በመጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ ለኩ፤ የጊዜና የቦታ ሚና ሊለዋወጥ የሚችልበት የሒሳብ ግንኙነት ስላለ፣ የጌቶቹን የእርምጃ ብዛት መለወጥ የልኬቱን ድግግሞሽ የመለወጥን ያህል ያገለግላል። ከዚያ የጠየቁት፣ ሳይለኩ በቀሩት ተራራቂ ኪዩቢቶች መካከል ቁርኝት ተፈጥሯል ወይ ብለው ነበር። ይህ የሦስቱ ኪዩቢቶች ጥያቄ ራሱ ነው፣ መካከለኞቹ ብዙ ከመሆናቸው በቀር። መልሱን ያገኙትም ለእያንዳንዱ መዝገብ ኮምፒዩተር ካሰላው ጋር የመሣሪያውን ውጤት በማዛመድ ነው። የመሣሪያው ስሕተት ሥርዓቱ ሲያድግ ምልክቱን ያደበዝዘዋል፤ እነርሱ ግን ሁለቱ ክልሎች ለስሕተት ያላቸው ስሜታዊነት የተለያየ መሆኑን አስተውለው ይህንኑ እንደ ተጨማሪ መለያ ተጠቀሙበት፣ ብልህ ውሳኔም ነበር።

ሌላው ዘዴ ከዚህም ይቀላል። ያዎዶንግ ሊና ባልደረቦቹ በ2023 ባሳተሙት ሐሳብ መሠረት፣ አንድ ዓይነት የጌትና የልኬት ቅደም ተከተል በኳንተም መሣሪያው ላይ ከአንድ መነሻ ሁኔታ፣ በተራ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ከሌላ መነሻ ሁኔታ ይጀመራል፤ ከዚያም መሣሪያው የሰጣቸው መዝገቦች በኮምፒዩተሩ ስሌት ምን ያህል ዕድል እንዳላቸው ይመዘናል። ሥርዓቱ በይዘት ሕግ ክልል ከሆነ መዝገቡ ስለ መነሻው ምንም ስለማይናገር ሁለቱ መነሻዎች አይለዩም፤ በወሰን ሕግ ክልል ግን ልዩነቱ ይወጣል። የመጨረሻዎቹን ኪዩቢቶች መመርመር ጭራሽ አያስፈልግም፤ ሥራው ሁሉ የሚያልቀው በመዝገቡ ላይ ነው።

እነዚህን ሙከራዎች «ቁርኝቱ ታየ» ብሎ በአጭሩ መዘገብ የተለመደ ነው። ሐሰት ባይሆንም፣ ካየው ዓይን ግማሹ ተራ ኮምፒዩተር መሆኑን ይሸፍናል። መሣሪያው ብቻውን የሚያወጣው ከዘፈቀደ የማይለይ የዜሮና የአንድ ሰንሰለት ነው፤ ለሰንሰለቱ ትርጉም የሚሰጠው ጌቶቹን የሚያውቅና ማስላት የሚችል አካል ነው። መዝገቡንም ጌቶቹንም የያዙ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የማስላት ዐቅም ስላለውና ሌላው ስለሌለው ብቻ፣ ስለ አንድ ሥርዓት የተለያየ ነገር ሊያዩ ይችላሉ። አንዳንዶች መዝገቡ በሙከራው ሂደት ውስጥ ራሱ ቀጣዩን ጌት እንዲወስን በማድረግ ሽግግሩን ወደ ተራ አማካይ ለማምጣት ሞክረዋል፤ በዚያ መንገድ የሚታየው ሽግግር ግን በአጠቃላይ ከቁርኝቱ ሽግግር ጋር አንድ ቦታ ላይ አይገጥምም፣ ስለዚህ የዚህ ጥያቄ መልስ አድርጌ አልቆጥረውም።

ጌቶቹ ከክሊፎርድ ቤተሰብ ውጭ ሲሆኑና ቁርኝቱ በይዘት ሕግ ሲያድግ፣ ለስሌቱ የሚያስፈልገው ጊዜ በዛሬው ዕውቀት ከኪዩቢቶቹ ብዛት ጋር በኤክስፖኔንሻል ይጨምራል። የድግግሞሹ ወጪ በዚህ ጊዜ ከቤተ ሙከራው ወደ ኮምፒዩተሩ ተዛወረ እንጂ አልተሰረዘም። ትንቢቱን በሰው ሠራሽ ኒውራል ኔትወርክ ለማሠራት የተደረጉ ጥናቶች ልኬት በበዛበት ክልል ጥሩ ውጤት አሳይተዋል፤ ወደ ወሰኑ ሲቀርቡና ሲያልፉት ግን ለሥልጠናው የሚጠይቁት የመዝገብ ብዛት ይንራል። ሳሙኤል ጋራትና ኤሁድ አልትማን ያቀረቡት አካሄድ ከሁሉም ይልቅ ጥንቁቅ ይመስለኛል፤ ኮምፒዩተሩ የሚጠቀመው ሞዴል ግምታዊ፣ እንዲያውም በከፊል የተሳሳተ ሊሆን እንደሚችል ከመጀመሪያው ተቀብሎ፣ ከመሣሪያው ውጤትና ከሞዴሉ ትንቢት መዛመድ ተነሥቶ የእውነተኛው ኢንትሮፒ አማካይ ከዚህ ሊበልጥ አይችልም የሚል ጣሪያ ያወጣል። ሞዴሉ ወደ እውነቱ በቀረበ መጠን ጣሪያው ወደ ትክክለኛው ዋጋ ይወርዳል፤ ሞዴሉ ደካማ ሲሆን ጣሪያው በጣም ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ያን ጊዜም ሥርዓቱ በየትኛው ክልል እንዳለ ከእርሱ መለየት አይቻልም።